ቁልፉን ለማን እናስረክብ?



ውድ እህት ወንድሞች፣ የምረቃ ሰሞን ደረሰ። እኛ ተመራቂዎች ዶርም ውስጥ ያለችንን ዕቃ ማከፋፈል ጀምረናል። ፍራሹ ለአንዱ ታናሽ ወንድም፣ ባልዲው ለሌላው፣ የመብራት ማከፋፈያው ቀድሞ ለጠየቀው ተሰጥቷል። ከእጃችን ያልወጣ አንድ ነገር ግን አለ። በሻንጣ አይገባም፤ ቀድሞ ለጠየቀም አይሰጥም። እሱም የጀማዓችን የቻት ሰርቨርና የተሠራበት ኮድ ነው። ሦስት ሆነን ስንጠብቀው ቆይተናል፤ በሐምሌ ሦስታችንም እንወጣለን። ማን ይረከበን የሚለውን ለብቻችን መወሰን ከበደን። አቋም ይዘናል፤ ግን ነገሩ የሁላችሁም ስለሆነ እናንተ ዘንድ አቅርበን መሞገት ፈለግን።

ነገሩ ምንድን ነው?

ለአዲስ ገቢዎች በአጭሩ እናስረዳ። በ2015 ዓ.ም. ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገራችን ለወራት ተገድበው ነበር። ያኔ የጀማዓው መልእክት በሙሉ ቴሌግራም ላይ ስለነበር ሙሐደራው የት እንደሆነ፣ የኢፍጣር ተራው የማን እንደሆነ በቃል ነበር የሚነገረው። ከእኛ በፊት የነበሩ ወንድሞችና እህቶች አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ ጫኑ፤ በዓለም ዙሪያ ያሉ በጎ ፈቃደኞች የጻፉትን የቻት ሰርቨር አወረዱ፤ በግቢው የውስጥ ኔትወርክም አስነሡት። ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም ከዶርም ወደ ዶርም መልእክት መድረስ ጀመረ።

የወረደው ሶፍትዌር ኦፕን ሶርስ ነው። ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ የቻለ ያስተካክለዋል፤ የፈለገ ወስዶ ይጠቀምበታል። ወንድሞቻችን አማርኛ ገጽታ ጨመሩበት፤ የእህቶችን ክፍል ለብቻ አደረጉ፤ የኢፍጣርና የሱሑር ተራ መመዝገቢያ ሠሩለት። ከዚያም እንደወሰዱት ሁሉ ክፍት አድርገው ለቀቁት። ዛሬ የሌሎች ግቢ ጀማዓዎችም ወስደው ይጠቀሙበታል። አንድ ማሻሻያ እኛ ዘንድ ሲለቀቅ እነሱ ዘንድም ይጫናል። ስለዚህ የዚህን ኮድ ዋና ቁልፍ የያዘ ሰው የእኛን በር ብቻ አይደለም የያዘው፤ የጎረቤቶቻችንንም ጭምር ነው።

ዘጠኙ ቀን

ምክር ከመስጠታችን በፊት የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ባለፈው ረመዳን ሰርቨሩ ዘጠኝ ቀን ቆሞ ነበር። ምክንያቱ ተራ ነገር ነው፤ ዲስኩ በመዝገብ ፋይሎች ሞላ። አሮጌ ፋይሎችን አጥፍቶ መልሶ ማስነሣት የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ዋናው የይለፍ ቃል ግን ከሦስታችን በአንዱ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ታይፎይድ ይዞት ቤተሰቦቹ ጋ ተኝቷል፤ ስልኩ ዝግ ነው። የሱሑር ምግብ የሚወስዱ ተማሪዎች ዝርዝር ሰርቨሩ ውስጥ ነበር። ሁለት ሌሊት ያለ ሱሑር የጾሙ ልጆች ነበሩ።

በሦስተኛው ቀን አንዲት እህት «የታመመው ሰርቨሩ ነው ወይስ ወንድማችን?» ብላ ጻፈችልን። መልስ አልነበረንም፤ ሁለቱ አንድ ነገር ሆነው ነበርና። ወንድማችን ጥፋተኛ አይደለም። ቁልፉ አንድ ሰው ጋ ብቻ እንዲቀር የፈቀድነው ሁላችንም ነን። አደራ የተሰጠን ለሦስት ነበር፤ እኛ ግን ለአንዱ ትከሻ ጥለን ስሙን ብቻ ተጋራን።

የአትክልት ተራው ደብተር

ከሦስታችን የአንዱ አባት ዕድሜያቸውን ያሳለፉት አትክልት ተራ ነው። ከፒያሳ ወደ መርካቶ ሲወርዱ፣ ሌሊት አይሱዙ እየቆመ ሽንኩርትና ድንች በጆንያ፣ ቲማቲም በእንጨት ሳጥን ይራገፍበት የነበረው ያ ሰፈር። እሳቸው ከመቂና ከባቱ የሚመጣ ሽንኩርት በጅምላ እየተረከቡ ለቸርቻሪ ያከፋፍሉ ነበር። ከቸርቻሪዎቹ የሚበዙት የሚወስዱት በዱቤ ነው፤ ሸጠው ነው የሚከፍሉት። ውሉ አንድ የተቀዳደደ ደብተር ነው።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ገበያው ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከጃንሜዳ ወደ ሃይሌ ጋርመንት ሄደ። ቦታው ሁለት ጊዜ ተቀያየረ፤ ደንበኞቻቸው ግን አልተበተኑም። የእረፍት ጊዜ ቤታቸው ሄደን ይህን ስንጠይቃቸው «ገበያ መሬቱ አይደለም ልጆቼ፤ ሰውና ደብተር ነው» አሉን። በዚያው ሰሞን ሥራውን ለታላቅ ልጃቸው አስረክበው ስለነበር እንዴት እንዳስረከቡትም ጠየቅናቸው።

«ቁልፍ መስጠት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። እኔ የሰጠሁት አንድ ዓመት ነው» አሉ። የመጀመሪያዎቹን ወራት ልጁ ዝም ብሎ ተቀምጦ እንዲያይ አደረጉት። ቀጥሎ ሚዛኑን ሰጡት። ቀጥሎ መቂ ድረስ ይዘውት ሄደው ገበሬዎቹን እያስጨበጡ «ከዛሬ ወዲያ የሱ ቃል የኔ ቃል ነው» አሏቸው። ደብተሩን መጨረሻ ላይ ነው የሰጡት፤ ሲሰጡትም ደብተሩ ላይ የሌለውን እያስረዱ ነው። ይቺ ቅዳሜ ቅዳሜ ትከፍላለች። ይቺ ባሏ ታሞባት ነው፤ አታጨናንቃት። ይሄ ሰውዬ ሲምል አትመነው፤ ዝም ሲል እመነው። ከዚያ ልጁን ለብቻው ለቀው ቤት ዋሉ፤ ማታ ማታ ብቻ ሂሳብ ያዩ ነበር። አንዴ ቲማቲም በብዛት ገዝቶ በሰበሰበት። ተቆጡት እንደሆነ ጠየቅናቸው። «ሳጥን ሙሉ ቲማቲም ሳይበሰብስበት ነጋዴ የሆነ ማን አለ?» ብለው ሳቁ።

ከዚያ ቤት ስንወጣ ያፈርነው ዝም ብለን አልነበረም። የእኛም ሰርቨር እንዲህ ያለ ደብተር አለው፤ ግን የትም አልተጻፈም። የትኛው ግቢ አሮጌውን ቅጂ እንደሚጠቀምና ማሻሻያ ሲለቀቅ ቀድሞ ሊነገረው እንደሚገባ እኛ ብቻ ነን የምናውቀው። ኮዱ ውስጥ ትርጉም የሌላት የምትመስል፣ ብትጠፋ ግን የእህቶችን ክፍል ለሁሉም ክፍት የምታደርግ አንዲት መስመር አለች። ኮዱ ለዓለም ክፍት ነው፤ ይህ ዕውቀት ግን ሦስት ጭንቅላት ውስጥ ተቆልፎበታል።

ሁለት ዓይነት ተረካቢ

ልንወጣ መሆኑን ስናሳውቅ ሁለት ወገን ቀረበ። አንደኛው በአካል የማናውቀው ሰው ነው። በቅጽል ስም ብቻ ይጽፋል። አራት ወር ሙሉ ማስተካከያ ሲልክልን ቆይቷል፤ ሥራው ከእኛ ሥራ ይበልጣል፤ አነጋገሩም ትሑት ነው። በቅርቡ «እናንተ ፈተና አለባችሁ፤ ዋናውን ቁልፍ ስጡኝና እኔ ልቀጥል» ብሎ ጻፈ።

ሁለተኛው ወገን ሁለት የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ናቸው፤ አንዲት እህትና አንድ ወንድም። መጀመሪያ የመጡት የአማርኛውን ፊደል ግድፈት ሊያርሙ ነው። ችሎታቸው ገና ነው። ባለፈው ወር እህታችን አንድ ማሻሻያ ስትጭን ምዝገባውን አበላሸችው። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ማንም ሳያውቅ ራሷ ደውላ «አበላሽቻለሁ፤ ይህን ነው ያደረግሁት» አለችን።

አንዳንድ ወንድሞች መልሱ ግልጽ ነው ይላሉ። የሚያውቅ ሰው ሳለ ለማያውቅ ምን ያሰጣል? ለዚህ መልስ ከመስጠታችን በፊት ዓለም ላይ የሆነውን እንይ።

በኦፕን ሶርስ ዓለም ኤክስዜድ የሚባል ፋይል መጭመቂያ አለ። በጣም ብዙ የሊኑክስ ሰርቨሮች ውስጥ ይገኛል። ላሴ ኮሊን የተባለ ገንቢ ለዓመታት ያለ ደመወዝ፣ በአብዛኛው ብቻውን ጠበቀው። መድከሙንም በይፋ ጽፎ ነበር። ጂያ ታን በሚል ስም የሚጽፍ ሰው በ2021 እ.ኤ.አ. መጥቶ ይረዳው ጀመር። ሌሎች የማይታወቁ ስሞች ደግሞ «ሥራው ዘገየ፤ ለሌላ አስረክብ» እያሉ ይወተውቱት ነበር። በመጨረሻ ረዳቱ ቁልፍ ተሰጠው። በ2024 መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በወጡት 5.6.0 እና 5.6.1 ቅጂዎች ውስጥ ወደ ሰርቨሮች መግቢያ የሚሆን ድብቅ በር ተገኘ። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ነው፤ ወደ ሰርቨር ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ገርሞት ሲመረምር። ለዓለም ያሳወቀው መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር፤ እኛ የረመዳንን ጁምዓ የሰገድንበት ዕለት።

ከዚያ በፊት በ2018 እ.ኤ.አ. ኢቨንት ስትሪም የሚባል በሳምንት ሁለት ሚሊዮን ያህል ጊዜ የሚወርድ ኮድ ነበር። ባለቤቱ ራሱ አይጠቀምበትም ነበር፤ ሰልችቶት ሳለ አንድ የማያውቀው ሰው «ልጠብቅልህ» ብሎ ጻፈለት፤ ሰጠው። አዲሱ ባለአደራ የቢትኮይን ቦርሳ የሚሰርቅ ኮድ አስገባበት።

ሦስተኛው ወደ ቻት ሰርቨር ይበልጥ ይቀርባል። ፍሪኖድ የኦፕን ሶርስ ሠሪዎች የሚወያዩበት ትልቅ የቻት መረብ ነበር። መሥራቹ ሮብ ሌቪን በ2006 እ.ኤ.አ. ብስክሌት ሲነዳ መኪና ገጭቶት ሞተ፤ በጎ ፈቃደኞቹ ግን ሥራውን አስቀጠሉት። በ2017 ከመረቡ ጋር የተያያዘው ኩባንያ ለሌላ ሰው ተሸጠ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. መረቡ የማን ነው በሚል ክርክር የተነሣ ሲያስተዳድሩት የነበሩት በጎ ፈቃደኞች ለቀው ሊቤራ ቻት የሚባል አዲስ መረብ አቋቋሙ፤ እሱንም በስዊድን ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር አድርገው አስመዘገቡት። ኡቡንቱና ዊኪሚዲያን የመሳሰሉ ተከትለዋቸው ሄዱ። ከአትክልት ተራው አባታችን ቃል ጋር አንድ ነው፤ ገበያ መሬቱ አይደለም። ግን ሌላም ትምህርት አለው። ንብረቱ በማን ስም እንደተመዘገበ በሰላሙ ጊዜ ያልጠየቀ፣ በጠቡ ቀን ይጠይቃል።

ኃይልና አማና

ቁርኣን ውስጥ የሙሳ (ዐ.ሰ.) ታሪክ ሲነገር አባቷ ሙሳን እንዲቀጥር የመከረችው ልጅ ሁለት መመዘኛ ታነሣለች፤ ብርታትና ታማኝነት። አንዱን አትመርጥም፤ ሁለቱንም ነው የምትለው። ታማኝነት ብቻውን እንደማይበቃም እናውቃለን። አቡ ዘር (ረ.ዐ.) በእውነተኛነታቸው የሚታወቁ ሰሓባ ሆነው ሳለ ሹመት በጠየቁ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ደካማ መሆናቸውንና ሹመት አማና መሆኑን ነግረው መልሰዋቸዋል። ስለዚህ «ልጆቹ ቅን ናቸውና ይበቃል» አንልም። ቅንነት የሞላ ዲስክ አያጸዳም።

ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ ተማሪዎች የጎደላቸው ብርታት ነው፤ ብርታት በትምህርት ይሞላል። የማናውቀው ሰው የጎደለው መታወቅ ነው፤ ይህ ደግሞ በጥሩ ኮድ አይሞላም። በጊዜና አብሮ በመዋል ብቻ ነው የሚሞላው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ «አበላሽቻለሁ» ብሎ የሚደውል ሰው ሰርቨር እንዲያድን በአንድ ዓመት ማስተማር ይቻላል። ሰርቨር ማዳን የሚችል ሰው ስህተቱን እንዲናገር ማስተማር ግን ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አናውቅም።

«ይህ ሱኡ ዘን አይደለም ወይ? ሳያጠፋ ሰውን ትጠረጥራላችሁ?» ያሉን አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሰውየውን በምንም አንከስም፤ ምናልባት ከሁላችንም የተሻለ ሰው ሊሆን ይችላል። ግን በቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ ምእመናን እርስ በርስ ሲበዳደሩ እንዲጽፉና ምስክር እንዲያቆሙ የሚያዝ ነው። መጻፍ መጠርጠር ቢሆን ኖሮ ለወንድማማቾች ባልታዘዘ ነበር። ጥንቃቄ የሁለቱንም ክብር ይጠብቃል። አንድ ቀን ጥፋት ቢፈጠር በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ብቻውን ቁልፍ የያዘው ስለሆነ፣ ለብቻው አለመስጠታችን ለእሱም ጥበቃ ነው።

«አሁን ቴሌግራም ክፍት ነው፤ ሰርቨሩን ዘግተን ለምን አንገላገልም?» የሚሉም አሉ። ይህም ሐቀኛ አማራጭ ነው። የሚጠብቀው ሰው ያጣ ሰርቨር ክፍት ሆኖ ከሚበሰብስ በሥርዓት ቢዘጋ ይሻላል። ግን የሌላው ግቢ ጀማዓ የሚጠቀምበትን እኛ ሰለቸን ብለን ማጥፋት አንችልም። መዝጋትም ቢሆን ማስረከብን ይጠይቃል፤ ቀድሞ መናገር፣ ዝርዝሩን መመለስ፣ የሰዎችን መልእክት ማጥፋት።

ደግሞም መሄድ አደራን አያወርድም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከመካ ሲሰደዱ፣ ሊገድሏቸው የሚያሴሩት ሰዎች ሳይቀሩ ያስቀመጡት ንብረት እሳቸው ዘንድ ነበር። ዐሊይን (ረ.ዐ.) ለየባለቤቱ እንዲመልሱ ትተው ነው የወጡት። ሕይወት አደጋ ላይ ሆኖ ርክክብ ካልተረሳ፣ ምረቃ ምክንያት አይሆንም።

የምናቀርበው ሐሳብ

አንደኛ፣ ቁልፉ ለሁለቱ ተማሪዎች ይሰጥ፤ ግን እንደ አትክልት ተራው፣ በአንድ ዓመት። መጀመሪያ ያያሉ፤ ቀጥሎ እኛ እያየን ይሠራሉ፤ ቀጥሎ እነሱ እየሠሩ እኛ እናያለን፤ በመጨረሻ የእኛ መግቢያ ይዘጋል። ተመርቀን ብንሄድም በሳምንት አንድ ማታ በስልክ እንገናኛለን። ቲማቲም ሲበሰብስባቸው አንቆጣም።

ሁለተኛ፣ የጀማዓው ንብረት የሆነ ማንኛውም የይለፍ ቃል በአንድ ሰው ብቻ አይያዝ። የሰርቨሩ፣ የኮዱ ማኅደር፣ የቴሌግራም ቻናሉ፣ የኢሜይሉ፣ ሁሉም ቢያንስ ሁለት ባለአደራ ይኑራቸው። የታሸገ አንድ ቅጂ አሚሩ ዘንድ ይቀመጥ፤ ከእኛ የአንዳችን ስም ላይ የተመዘገበ ነገር ካለም ከምረቃ በፊት ይዛወር።

ሦስተኛ፣ ደብተሩ ይጻፍ። ጀምረናል፤ እስካሁን አሥራ አራት ገጽ ደርሷል፤ ያቺ አንዲት መስመርም በመጀመሪያው ገጽ ላይ ናት። ሁለቱ ተማሪዎች ደብተሩን ብቻ ይዘው፣ እኛን ሳይጠይቁ ሰርቨሩን ከባዶ ኮምፒውተር ላይ ማስነሣት ሲችሉ ያኔ አልቋል እንላለን።

አራተኛ፣ ያ የማናውቀው ወንድም ማስተካከያ መላኩን ይቀጥል። በሩን አንዘጋበትም። የላከውን ሌላ ሰው አንብቦ ሳያጸድቅ ግን አይገባም። ይህ ደንብ በእኛም፣ በሁለቱ ተማሪዎችም ላይ ይሠራል። ይህንኑ ጽፈንለታል።

አምስተኛው ለእናንተ ነው። የኤክስዜድን ታሪክ ደጋግመን ስናነብ ያመመን ድብቁ በር አይደለም። ያን ሁሉ ሰርቨር የተሸከመ አንድ ሰው ደክሞኛል ሲል የሚያግዘው ጠፍቶ፣ «አለሁ» ያለው አጥፊው ብቻ መሆኑ ነው። አጥፊው የገባው በኮዱ ቀዳዳ ሳይሆን በድካሙ ቀዳዳ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ አንድ ጊዜ ሹራው ላይ «ከባለአደራዎቻችን ማን ደከመ?» የሚል ጥያቄ ይነሣ። ደክሞኛል ያለ አይወቀስ፤ ይተካ። ዑመር (ረ.ዐ.) ኻሊድ ኢብን ወሊድን (ረ.ዐ.) ከአዛዥነት ሲያነሱ ኻሊድ በአቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ሥር ሆነው መዋጋታቸውን ቀጥለዋል። ቦታ መልቀቅ ከሰልፍ መውጣት አይደለም።

ኮድ መጻፍ የማትችሉ ብዙ ናችሁ፤ አገልግሎቱ ግን በኮድ አይቆምም። ደብተሩን አንብቦ ያልገባውን የሚጠይቅ እንፈልጋለን። ጎደለ ሲባል የሚመዘግብ፣ ሌሊት ቆሟል ሲባል ሄዶ የኮምፒውተሩን መብራት የሚያይ፣ ሁለቱን ልጆች ሻይ ጋብዞ «እንዴት ናችሁ?» የሚል እንፈልጋለን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ ደብተሩን ይዘን እንቀመጣለን። በሐሳባችን የማትስማሙ በተለይ ኑ።

አገራችን «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ትላለች። እኛ ዘጠኝ ቀን ሳንጠብቀው ቀርተናል። ሁለት ሌሊት ያለ ሱሑር የጾማችሁ እህት ወንድሞች ዐውፍ በሉን። አላህ ለተረካቢዎቹ ብርታቱንም አማናውንም ይስጣቸው።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።